የውኃ ዝናር

ግማሽ ማራቶን እሮጣለሁ ብዬ አፌ አመለጠኝ። ጓደኞቼ ሰምተዋል፤ ማን ይመልሰዋል? 21 ኪሎ ሜትር ነው። ልምምዱን ሳልጀምር የውኃ ቀበቶ ፍለጋ ጀመርኩ። ጂም ሳይመዘገብ ቱታ ከሚገዛው ወገን ነኝ።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቅ እንዳመጣ አውቃለሁ። እሱ ግን አበበ ነው። እኔ ቢሮ ተጎልቼ የምውል ሰው ነኝ።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ከኋላ አንድ ትልቅ ጠርሙስ የሚሸጎጥበት፣ ሌላው ግራና ቀኝ ሩብ ሩብ ሊትር የሚይዙ ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች ያሉት። ባለትልቁን ታጥቄ እዚያው ሶምሶም አልኩ። ጠርሙሱ ወገቤን ይደበድበኝ ጀመር። ባዶውን ነው እንግዲህ! ግማሽ ሊትር ውኃ ሲገባበት ግማሽ ኪሎ ይጨምራል።

«አጥብቀው» አለ ሻጩ።

አጠበቅኩት። ጠርሙሱ አደብ ገዛ፤ እኔ ግን መተንፈስ አቃተኝ። ሳላላው ደግሞ ሽቅብ ወደ ሆዴ ይወጣል። «ኦሪጅናል እኮ ነው» አለኝ። መልስ ሲጠፋ ይቺ አትጠፋም። ባለሁለቱን ገዛሁ። ክብደቱ ለሁለት ስለሚከፈል ብዙም አይዘልም።

ቅዳሜ ማለዳ ታጥቄ ስወጣ ጎረቤታችን ጋሼ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ዝናር ታጥቀህ ወዴት ዘመትክ?»

«ልሮጥ ነው ጋሼ።»

ቀበቶዬን ዞር ብለው አዩት። «በሁለት ጥይት?»

የእንጦጦ ዳገት ቀልድ አያውቅም። ጠርሙሶቹ ጎደል ሲሉ ውኃው ይንቦጫረቃል፤ ጀሪካን የጫነ አህያ የሚከተለኝ ይመስል ሁለቴ ዞሬ አይቻለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ውኃው አለቀ። ኪዳነ ምሕረት አካባቢ ስደርስ እያለከለኩ ቆምኩ። አንዲት እናት ቢጫ ጀሪካን አዝለው ከጠበል ይመለሳሉ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ጠርሙሶቹን አዩ።

«ውይ ልጄ! ይቺ ናት የጠበል ዕቃህ? ቤተሰብ የለህም?»

«የለም እማማ፣ ይሄ እንኳን…»

ማን ሰምቶኝ። ጀሪካናቸውን አወረዱ፤ ሁለቱንም ጠርሙስ ጠብ ሳይል ሞሉልኝ። ትንፋሼንም አይተው በሽተኛ ነው ብለዋል መሰለኝ፣ «እመቤቴ ትማርህ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ።

ችግሩ፣ ከቤት ስወጣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ በሶ ጠጥቻለሁ። ጠበል ደግሞ በባዶ ሆድ ነው። ግማሽ ሊትር ወገቤ ላይ ታጥቄ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ፣ እስከ ሽሮ ሜዳ ወረድኩ። እዚያ ከሱቅ አንድ ሃይላንድ ገዛሁ። ቀበቶው ላይ ቦታ የለም፤ በእጄ ይዤው ሮጥኩ።