ኢንጂነር ከሞተር አልተወለደም
«ኢንጂነር ማለት ኢንጂን የሚያንቀሳቅስ ማለት ነው፤ ቃሉም ከእንፋሎት ሞተር ጋር መጣ» የሚለው አባባል ነገሩን ገልብጦታል። እንግሊዛዊው ቶማስ ኒውኮመን የፈለሰፈው የእንፋሎት ሞተር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1712 ነው፤ ኢንጂነር የሚባሉ ሰዎች ግን ከዚያ 300 ዓመት በላይ ቀድመው ነበሩ፣ ግንብ የሚደረምስ የጦር መሣሪያ ሲሠሩ። የቃሉ ሥር የላቲኑ «ኢንጌንየም» ነው፣ አብሮ የተፈጠረ ብልሃት እንደማለት። እንግሊዛዊው ጆን ስሚተንም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ድልድይና የባሕር መብራት ማማ ሲሠራ ራሱን «ሲቪል» ኢንጂነር ያለው ከወታደሩ ለመለየት ነው። ኢንጂነር የምንልበትን የራሳችንን ቃል «መሐንዲስ ንጹሕ ግእዝ ነው» ለሚሉ ደግሞ፦ አይደለም፣ ከዐረብኛው «ሙሀንዲስ» የመጣ ነው፤ የዐረብኛውም ሥር የፋርስኛው «አንዳዜ» ነው፣ ትርጉሙም «ልክ»፣ መጠን ማለት ነው። እኔን ይበልጥ የሚጥመኝ ይሄኛው ነው። ግንባታ ላይ ቀኑን ሙሉ የምውለው ቱንቢ ስጥልና ውሃ ልኩ ላይ አጎንብሼ አረፋዋ መሃል እስክትገባ ስጠብቅ ነው። ሞተር የነካሁት አንዴ ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ እሱንም አላስነሳሁትም።