ዕድሜ ለዲትሮይት አለቆች!

ሰው የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው ይባላል። እኔ ደግሞ ክፉ ቀን የአሜሪካ መኪና መናኸሪያ በሆነችው ዲትሮይት እንዳሉት የመኪና ፋብሪካ አለቆች ያማረበት ሰው አላየሁም። ገበያው ሲቀዘቅዝ ሌላው ነጋዴ ፀጉሩን ይነጫል። እነሱ ግን ረጋ ብለው መግለጫ ያወጣሉ፤ “ምርት ቀንሰናል” ይላሉ። በቃ። ቅነሳው ግን የሚጀምረው ከታች ነው። ፎቁ ላይ እስኪደርስ ደግሞ ችግሩ ያልፋል።

ይህ ጥበብ የተራቀቀው በፈረንጆቹ 2008 መጨረሻ ላይ ነው። አሜሪካ በዓመት 16 ሚሊዮን ገደማ መኪና ትገዛ ነበር። በ2009 ወደ 10 ሚሊዮን ዝቅ አለች። ጂኤም የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ መኪና አምራች በ2008 ብቻ ወደ 31 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። ይህን ያህል መክሰር ለማንም አይሳካም! ቤንዚን በጋሎን 4 ዶላር ሲገባ ሀመር የሚባለውን ቤንዚን ጠጪ መኪና ማምረት የሚችል ጽኑ ልብ ይፈልጋል።

ኖቬምበር ላይ የጂኤም፣ የፎርድና የክራይስለር አለቆች 25 ቢሊዮን ዶላር ብድር ሊጠይቁ ዋሽንግተን ሄዱ። ሦስቱም በየግል ጄታቸው። አብረው እንኳ አልተሳፈሩም። እኛ የምናውቀው ለማኝ በእግሩ መጥቶ ደጅ ላይ የሚቆመውን ነው። ለካ ልመናም ደረጃ አለው! አንድ የኮንግረስ አባል “በመደበኛ በረራ የመጣችሁ እጃችሁን አውጡ” አሏቸው። የወጣ እጅ የለም። “ጄቱን ሸጣችሁ በመደበኛ በረራ የምትመለሱስ?” አሁንም የለም። ለአቋም ሲባል እንዲህ ነው። በነገራችን ላይ የዋሽንግተንን ታክሲ የሚነዱት የእኛ ልጆች ብዙ ናቸው። ሦስቱ ጌቶች ስለ ቁጠባ ምክር ቢያስፈልጋቸው ከኋላ ወንበር ሆነው በነጻ ያገኙት ነበር።

ደመወዛችሁን 1 ዶላር ታደርጉታላችሁ ወይ ተብለውም ተጠየቁ። የክራይስለሩ ሮበርት ናርዴሊ እሺ አሉ። እሺ ቢሉ ምን ይገርማል? ከዚያ በፊት ከነበሩበት ድርጅት በ2007 ሲሰናበቱ 210 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ጥቅማ ጥቅም ተቆርጦላቸዋል። በዚያ ላይ 1 ዶላር ሲጨመር መቼም አይጠላም። የፎርዱ አለን ሙላሊ ደግሞ ባሉበት ደመወዝ ደህና እንደሆኑ ተናገሩ። በ2007 ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተከፈለው ሰው ደህና ካልሆነ ማን ደህና ይሆናል? ቅን ሰው ናቸው፤ አልዋሹም።

ዲሴምበር ላይ ግን ንስሐ ገቡ። ሦስቱም ከዲትሮይት ዋሽንግተን ድረስ በመኪና መጡ፤ ያውም ቤንዚን በሚቆጥብ ሃይብሪድ፣ ማለትም በቤንዚንም በኤሌክትሪክም በሚሄድ መኪና። 800 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መንገድ ነው! መኪና የሚሠሩ ሰዎች መኪና ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ ዓለምም በካሜራ ተከታተለ። ለድካማቸው የሚጠይቁት ብድር ወደ 34 ቢሊዮን አደገ።

በዚያው ወር ጂኤም ለ2009 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ካቀደው ምርት 250 ሺህ መኪና ቀነሰ። ክራይስለር ደግሞ ከዲሴምበር 19 ጀምሮ 30ዎቹንም ፋብሪካዎቹን ቢያንስ ለአንድ ወር ዘጋ። የፈረንጆቹ ገና ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሠራተኛውን ሁሉ ከልጆቹ ጋር እንዲሆን ወደ ቤቱ መላክ! አሳቢነት ከዚህ በላይ የት ይገኛል?

እንግሊዞችም ቢሆኑ ከዚህ ጽዋ አልቀሩም። ኦክስፎርድ አጠገብ ካውሊ የሚባል ቦታ ሚኒ መኪና የሚሠራበት የቢኤምደብሊው ፋብሪካ አለ። ፌብሩዋሪ 2009 ላይ በኤጀንሲ የተቀጠሩ 850 ሰዎች ሥራችሁ አብቅቷል ተባሉ። የአንድ ሰዓት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል። ሙሉ አንድ ሰዓት እኮ ነው! ሎከር ለማጽዳት ይበቃል። ሠራተኞቹ ግን ውለታ ቢስ ሆኑና አለቆቹ ላይ ፖምና ብርቱካን ወረወሩ። በኑሮ ውድነት ጊዜ ፍራፍሬ ሲባክን ያሳዝናል።

መንግሥትም ዝም አላለም። ቡሽ 17.4 ቢሊዮን ዶላር ለጂኤምና ለክራይስለር ፈቀዱ። ኦባማ ሲመጡ ደግሞ የጂኤሙ ሪክ ዋጎነር ቦታውን እንዲለቁ አደረጉ። ሰውየውን ጎዱ ብዬ ደንግጬ ነበር። ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ የጡረታ ጥቅም እንዳላቸው ሲዘገብ ተረጋጋሁ። በኋላ ቢቀናነስም ሲሾም ያልበላ የሚባልላቸው ዓይነት ሰው አልነበሩም።

ከሁሉም የወደድኩት ግን የ2009 ክረምቱን ዘመቻ ነው። አሮጌ መኪናህን አምጣ፣ አዲስ ስትገዛ እስከ 4,500 ዶላር መንግሥት ይከፍልልሃል ተባለ። ወደ 700 ሺህ መኪና መጣ። አሮጌዎቹ ተመልሰው መንገድ ላይ እንዳይወጡ መላ ተፈለገ። የሞተሩ ዘይት ይቀዳል። በዘይቱ ቦታ ሶዲየም ሲሊኬት የሚባል ፈሳሽ ይሞላል። ሞተሩ ይነሳና ነዳጅ ይሰጠዋል። ፈሳሹ ሲግል መስታወት ይሆናል። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ያቃስትና ነክሶ ቀጥ ይላል። ሕጉ ደግሞ መኪናው የሚሠራ መሆን አለበት ይል ነበር፤ የቆመ መኪና መግደል ምን ዋጋ አለው? ሠላሳ ዓመት ያለፋት ዲኤክስ ሪንግ እየቀየረ የሚያኖር የአዲስ አበባ መካኒክ ይህን ቢያይ ጋራዡን ዘግቶ ለቅሶ ይቀመጥ ነበር። ኋላቀርነት ነው!

ልምዱ ደግሞ እንደዋዛ አልተረሳም። ድሮ ፋብሪካ ለመዝጋት ክፉ ቀን ይጠበቅ ነበር። ኖቬምበር 2018 ላይ ኢኮኖሚው ደህና ነበር። ጂኤምም ዓመቱን የዘጋው 8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አትርፎ ነው። ቢሆንም በሰሜን አሜሪካ እስከ 5 ፋብሪካ ሥራ ሊያቆም፣ ወደ 14 ሺህ ሰውም ሊቀንስ መሆኑን አስታወቀ። የዚያን ዕለት የጂኤም አክሲዮን ዋጋ ወደ 5 በመቶ ጨምሮ ዋለ።