ከበሮና ካዝና

ጎጃም ውስጥ ሰርግ ሲደገስ ሁለት ነገር ሳይቆጠር አይታደርም፤ ስንት ሰንጋ ወደቀ፣ ስንት ሚዜ ወገቡ ላይ አበጠ። ሽጉጥ የሚደበቅ ዕቃ ነው ይባላል፤ የእኛ ጎረምሳ ግን የሚደብቀው እንዲታይለት ነው። ኮቱን ይደርብበታል፣ ከዚያ ጠላ ለመቀበል እጁን ሲዘረጋ ኮቱ ገለጥ እንዲል አድርጎ ነው። ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል መሆኑን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይናገራል፤ የሚዜ ኮት ግን አዋጅ አያነብም።

አባቶች ጠላ ቤት ቁጭ ብለው ሲከራከሩ ምንሽር ይሻላል ቤልጅግ ነበር። የልጆቻቸው ክርክር ከትከሻ ወርዶ ወገብ ላይ ደርሷል፤ ባለ ከበሮ ወይስ ባለ ካዝና? ባለ ከበሮው ሪቮልቨር የሚሉት ነው። ጥይቱ በተበሳሳ ክብ ብረት ውስጥ ይቀመጣል፤ ምላጭ በተሳበ ቁጥር ክቡ አንድ ቤት ይዞራል። ባለ ካዝናው ደግሞ ጥይቱን እጀታው ውስጥ ደርድሮ፣ አንዱ ሲተኮስ ቀለሃውን አሽቀንጥሮ ሌላውን ራሱ ያጎርሳል። ጉርሻ ነውና አንዳንዴም ያንቃል።

ከበሮ ወዳዱ ፍቅሩን የሚያገኘው ወይ ከአያቱ ሣጥን፣ ወይ ከስልኩ ነው። ከሣጥን ከሆነ የጣሊያኑ ቦዴዎ (1889 እ.ኤ.አ.፣ 6 ጥይት፣ 10.35 ሚሊ ሜትር) ወይም የሩሲያው ናጋንት (1895 እ.ኤ.አ.፣ 7 ጥይት) ይወጣል። ከስልክ ከሆነ የካውቦይ ፊልም ነውና ባርኔጣና ፈረስ አብረው ይመጣሉ። ባርኔጣው ማርቆስ ገበያ አይጠፋም፤ ፈረሱንም ከእንጅባራ መዋስ ይቻላል። የሚጠፋው ጥይቱ ነው።

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የተባለው ለማኅሌት ቢሆንም እዚህም ይሠራል። የሁለቱም አሮጌዎች ከበሮ ወደ ጎን አይወጣም። በቀኝ በኩል ያለችውን ትንሽ በር ከፍቶ የተተኮሰውን ቀለሃ በዘንግ አንድ በአንድ ወደ ኋላ መግፋት፣ ከበሮውን በጣት እያዞሩ አዲሱን አንድ በአንድ መክተት ነው። ይኼ እስኪያልቅ ጠቡን ሽማግሌ አስታርቆ፣ ጉማው ተከፍሎ፣ ጠላው ተቀድቷል። መዶሻውን በአውራ ጣት ቀድመው ካልሳቡት ደግሞ የአብዛኛው ባለ ከበሮ ምላጭ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ይከብዳል፤ የናጋንት ይብሳል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በሌባ ጣት ማንጠልጠል ማለት ነው። አፈሙዙ ሳያስቡት ይሰግዳል፤ ጣሳ ላይ ያነጣጠረው ከጣሳው በታች ያለውን አፈር ይመታል። በከበሮውና በበርሜሉ መካከል ያለችው ቀጭን ክፍተትም እሳት ትተፋለች፣ ግራ እጁን እዚያ ላይ ያሳረፈ ይለበለባል። (ናጋንት ግን ከበሮውን ወደ ፊት ገፍቶ ክፍተቷን ይደፍናል። ለሠራው ለቤልጅየም ሰው ምስጋና ይግባው።)

የከበሮ ወገን ትልቁ መመኪያ «ባይነሣ ደግሜ እስባለሁ» የሚለው ነው። እውነት አለው፤ ከበሮው ይዞርና ሌላ ጥይት ይመጣል። አሮጌ ጥይት ግን ዘግይቶ የመነሣት አመል አለው። «ቀጭ» ብሎ ዝም ያለው ጥይት ከበርሜሉ ፊት ዞር ካለ በኋላ ቢነሣ መውጫ አያገኝም፤ ብረቱንም ጣቱንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ «ቀጭ» ሲል አፈሙዙን ወደ አፈር ቁልል እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ መቁጠር ነው። ለጎጃም ጎረምሳ ሳይፎክር 30 ሰከንድ መቆም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይታወቃል።

የካዝና ወገን በቁጥር ይመካል። ቤሬታ 1934 ሰባት፣ ማካሮቭና ቶካሬቭ ስምንት ስምንት፣ ብራውኒንግ ሃይ ፓወር 13፣ ግሎክ 17 ደግሞ 17 ይይዛል። ሆኖም ይህ ሁሉ እንዲያጎርስ የጠና አንጓ ይፈልጋል። እጁ የላላ እንደሆነ የላይኛው ብረት መንገዱን ሳይጨርስ ይመለስና ቀለሃው መውጫው ላይ እንደ ችንካር ተተክሎ ይቀራል። ካዝናው ድንጋይ ላይ ወድቆ አፉ ከተጣመመም ጥይቱ ቀና ብሎ አይወጣም። ባለቤቱ ሽጉጡን ይረግማል፤ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚቀይረው ካዝናውን ነው።

ከሁሉ የከፋው «ዘጠኝ ነው» የሚለው ነገር ነው፤ ውፍረቱ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ነው ማለቱ ነው። ዘጠኝ ተብሎ የሚሸጠው ጥይት ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው። የቤሬታ 1934 ቀለሃ 17 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ የማካሮቭ 18፣ የብራውኒንግና የግሎክ 19። ልዩነቱ የአንድ ፍሬ ጤፍ ርዝመት ነው። «አንዲት ጤፍ ምን ታመጣለች?» ይላል ገዢው፣ ጤፍ አብቃይ አገር ተወልዶ። ባለ 19ኙ ማካሮቭ ውስጥ እስከ መጨረሻው አይገባም፤ በመዶሻ ለማስገባት የሚሞክር አይጠፋም፣ ይተው። ባለ 17ቱ ይገባል፣ ችግሩም መግባቱ ነው። የማካሮቭ እርሳስ 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ ወፍራም ስለሆነ በርሜሉም በዚያው ልክ ሰፊ ነው። የሌሎቹ እርሳስ 9.01 ገደማ ነውና በርሜሉ አጥብቆ አይይዘውም፤ የት እንደሚሄድ ጥይቱም አያውቅም። ቶርኖ ቤት ያለ ካሊፐር ይህን በአንድ ደቂቃ ይፈታው ነበር። ግን ወንድ ልጅ ጥይት ሊያስለካ ቶርኖ ቤት ገባ ከሚባል ሞቱን ይመርጣል።

ዘይቱም ሌላ ጉድ ነው። ወጥ ቤት ያለው ሁሉ ይሞከራል። ቅቤ ይሻግታል፣ ብረት ያዝጋል። የኑግ ዘይት ሲቀቡት ያብለጨልጫል፣ ሲከርም እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ላዩ ላይ የአውድማ ብናኝ ሲያርፍበት ባለ ካዝናው ጭቃ ረግጦ የቆመ በቅሎ ይሆናል። ቀጭን የመሣሪያ ዘይት፣ ሁለት ሦስት ጠብታ፣ ከዚያ በጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። ባለ ከበሮው ብናኝ ይታገሣል ተብሎ ይወደሳል፤ የወጣ መዶሻው የጋቢ ክር ሲይዝ ግን ማንም አያነሣበትም።

በአንድ ነገር ነጥቡ ለከበሮ ነው፤ አዲሶቹን ከበሮውን ወደ ጎን አውጥቶ ቀዳዳውን መቁጠር ነው፣ አለቀ። ባለ ካዝናውን ለማራገፍ ተራ አለው፤ መጀመሪያ ካዝናውን ማውጣት፣ ቀጥሎ የላይኛውን ብረት ስቦ በርሜል ውስጥ የቀረውን ማስወጣት፣ በዓይን ማየት፣ ጨለማ ከሆነ በትንሿ ጣት መዳበስ። ተራውን የገለበጠ ሰው አንዱን ያስወጣል፣ ካዝናው ሌላ ያጎርሳል፣ ከዚያ ካዝናውን ያወጣና «ባዶ ነው» ብሎ ለጓደኛው ያቀብላል። ጓደኛውም «ባዶ ነው አይደል?» ብሎ ወደ ጣሪያ ይሞክረዋል። ቆርቆሮው የሚያፈስበት ምክንያት በክረምት ይጠየቃል።

ጠላ ቤቱ ውስጥ ግን ማንም ስለ ዘይትና ስለ ተራ አያወራም።

«እኔ አሥራ ሦስት፣ አንተ ስድስት!» ይላል ባለ ካዝናው።

«የእኔ ስድስት አይከዳም!» ይላል ባለ ከበሮው።

ጥግ የተቀመጡት ሽማግሌ ጣሳቸውን ያስቀምጣሉ። «የኔ ልጆች፣ ለመሆኑ ስንት ስንት ፍሬ ጥይት አላችሁ?»

ባለ ካዝናው ጣሪያውን ያያል። ባለ ከበሮው ኪሱን ይዳብሳል።

«ሦስት።»

«ሁለት፣ ጋሼ። አንዱን ግን ለሰርጉ ቃል ገብቼበታለሁ።»