የሊዲያን ወርቅ ኒውዮርክ አልጠበቀውም

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ ከተወያዮቹ አንዱ «የሊዲያ ወርቅ ኒውዮርክ ቢቀር ኖሮ ባልተሰረቀ ነበር» አሉ። አቅራቢውም ዝም ብሎ አለፋቸው። እኔ ዝም አልልም።

ሊዲያ በዛሬዋ ምዕራብ ቱርክ የነበረ ጥንታዊ መንግሥት ነው። ተወያዩ ያነሱት ከዚያ ወርቅ አንዱን፣ ክንፍ ያለውን የባሕር ፈረስ ጌጥ ነው። አዎ፣ ጌጡ ቱርክ ውስጥ ካለው ከኡሻክ ሙዚየም ተሰርቆ አስመስለው የሠሩት መተካቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታወቀ። ያሳፍራል። ግን ቱርክ የሙዚየሙን ዳይሬክተር ከስሳ አስፈረደችበት። ጌጡም በ2012 ጀርመን ተገኝቶ በዓመቱ ተመለሰ።

ኒውዮርክስ ምን አደረገ? ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ከመቃብር የተዘረፈውን በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ለዓመታት መጋዘን ውስጥ ደበቀው። በ1984 ከፊሉን ለእይታ ሲያወጣም «የምሥራቅ ግሪክ» አለው። ቱርክ በ1987 ስትከሰው «ጊዜው አልፏል» ብሎ ተሟገተ። በ1993 ሲመልስ ግን ሠራተኞቹ የዕቃው አመጣጥ አጠያያቂ መሆኑን እያወቁ እንደገዙ አመነ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይኼ ነው። ከገዢዎቹ አንድም የታሰረ የለም።

ደግሞ የጠፋው ወርቁ ብቻ አይደለም፤ የአቀማመጡ ታሪክም ነው። በሊዲያ ዋና ከተማ በሰርዴስ፣ በፓክቶሎስ ወንዝ ዳር የወርቅ ማጣሪያ ተገኝቷል። ቆፋሪዎቹ በትዕግሥት ስለሠሩ ሊዲያውያን ብሩን ከወርቁ በጨው እንዴት እንደለዩ ዛሬ እናውቃለን። ምድጃውም አመዱም በቦታው ነበራ! ከወርቁ ከፊሉ በተዘረፈበት በቶፕቴፔ መቃብር ግን ዘራፊዎቹ የእብነ በረዱ በር አልከፈት ቢላቸው አንድ ሌሊት ጣሪያውን በድማሚት አፈረሱት። እዚያ የተቀበረችው ሴት ሐብል እንዴት ተሰክቶ ነበር? የትኛው አምባር በየትኛው እጇ ነበር? ማን ያውቃል? የሊዲያው ንጉሥ ክሮሰስ በፋርሱ ንጉሥ በቂሮስ ከተሸነፈ በኋላም ያልተቋረጠ የአንጥረኞች ጥበብ ነበር፤ ታሪኩ ግን በዚያች ሌሊት ተበተነ። ድማሚቱን ያፈነዳው የገዢው ዶላር ነው። ገዢ ባይኖር ማን ጣሪያ ያፈርስ ነበር? ዛሬ ያው ገዢ ጠባቂ ተብሎ ሲሞገስ መስማት ያንገበግባል።

«እናንተ አትጠብቁትም» የሚለውን ሰበብ እኛም ጠግበነዋል። የመቅደላን ዘውድና ጽዋ የያዘው የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ2018 ያቀረበልን የረጅም ጊዜ ውሰት ነው። የገዛ ንብረታችንን ልንዋስ! ቱርክ አልተዋሰችም። ስድስት ዓመት ተሟግታ 363ቱንም ዕቃ አስመለሰች።