በላይን ሰቅለን ስሙን ለአውሮፕላን ማረፊያ ሰጠን

ባሕር ዳር በአውሮፕላን የሚገባ ሰው የሚያርፈው በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም በተሰየመ ማረፊያ ነው። ስሙ ይገባዋል። ባነበብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ጎጃሜ ነኝና ኩራትም ይሰማኛል። ግን በላይን ጣሊያን አልገደለውም። አምስት ዓመት ሙሉ ቢያሳድደውም አልቻለውም። የሰቀለው እሱ ደሙን ያፈሰሰለት አገር መንግሥት ነው። ጥር 1937፣ አዲስ አበባ ላይ።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ጎጃም ውስጥ ሰው ሰብሰብ ባለበት ሁሉ፣ ለቅሶ ቤትም ሆነ ጠላ ቤት፣ ሁለት ክርክሮች አይጠፉም። አንዱ የጠመንጃ ነው። ገበሬው መሣሪያውን ያስመዝግብ፣ ያስረክብ ወይስ ይያዝ? ሌላው የቀድሞ መሪዎች ነው። ለማን ሐውልት ይቁም? የማን ስም ለአደባባይ ይሰጥ? የማንስ ይነሳ? ብዙ ሰው ሁለቱን ለየብቻ ይከራከርባቸዋል። እኔ አንድ ናቸው ባይ ነኝ። መንግሥት በመሪዎቹና በአርበኞቹ ላይ ያደረገውን ገበሬው አልረሳም። «ጠመንጃህን አምጣ» ሲሉት ትዝ የሚለው እሱ ነው።

እስቲ የበላይን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። አባ ኮስትር በላይ ከቢቸና እስከ ዓባይ በረሃ የራሱን ጦር ይዞ ተዋጋ። ደመወዝ የሚከፍለው መንግሥት አልነበረም፤ ስንቁ ከገበሬው፣ ጥይቱ ከጠላት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው በጎጃም በኩል ሲገቡ፣ ያ መንገድ የተጠረገው እንደ በላይ ባሉ ሰዎች ነው። ከድል በኋላ ደጃዝማች ተባለ፣ ቢቸናን እንዲያስተዳድር ተሰጠው። ብዙም ሳይቆይ ከበላዮቹ ጋር ተጣላ፣ ሸፈተ፣ ሶማ ላይ ተከበበ፣ እጁን ሰጠ። ሞት ተፈረደበትና ወደ እድሜ ልክ ተለወጠለት። ከእስር ቤት አመለጠ፣ ተያዘ፣ ተሰቀለ።

አብሮት የተሰቀለው ማን ነበር? ልጅ ማሞ ኃይሉ። በጣሊያን ዘመን ከወራሪው ጎን የቆመ ሰው ነበር። አርበኛውና ባንዳው በአንድ ቀን፣ በአንድ ፍርድ ተሰቀሉ። ከጣሊያን ጋር የሠሩት የማሞ አባት ልዑል ራስ ኃይሉ ግን በቁም እስር ኖረው በተፈጥሮ ሞት አረፉ። የጎጃም ገበሬ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም። ከአባቱ ሰማው፣ በልቅሶ ግጥም ሰማው፣ በሽለላ ሰማው። የሰማው ነገር አጭር ነው፦ እጁን የሰጠ ተሰቀለ።

እርግጥ ነው፣ በላይ ጥፋት የለበትም አልልም። ነፃ በወጣ አገር መንግሥት ላይ ጦር ማንሳት ቀላል ነገር አይደለም። የንጉሡ መንግሥትም ገና እግሩን ያልተከለ ነበርና ሥርዓት ማስከበር ግዴታው ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ እሰማዋለሁ። የማልቀበለው ዝምታውን ነው። ስሙን ለአውሮፕላን ማረፊያ ሰጠን፣ ለመንገድ ሰጠን፣ ለትምህርት ቤት ሰጠን። እንዴት እንደሞተ ግን አንድም መንግሥት በይፋ ወጥቶ «ይህ ፍርድ ትክክል ነበር» ወይም «ስህተት ነበር» ሲል አልሰማሁም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይላሉ ያገሬ ሰዎች። በቁሙ ያነቅነውን ሰው ከሞተ በኋላ ማሞገስ ለምዶብናል።

ሰቃዩም ዕጣው ከዚህ አልራቀም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1967 በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ፤ አስከሬናቸውም በድብቅ ተቀበረ። እስከ 1993 ድረስ እንደ ሰው እንኳ ወግ ያለው ቀብር አላገኙም። በ2011 ደግሞ በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ሐውልት ቆመላቸው። ገድሎ ማክበር የአንድ ወገን በሽታ አይደለም። ሁላችንንም ይዞናል።

አሁን ወደ ጠመንጃው ልምጣ። በ1950ዎቹ የጎጃም ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁሥላሴ ገበሬው መሣሪያውን እያስመዘገበ ገንዘብ እንዲከፍል አደረጉ። ገበሬው «ዛሬ ምዝገባ፣ ነገ ነጠቃ» ብሎ ጠረጠረ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ደግሞ መሬቱ ሊለካ፣ ርስቱ ሊነካ ነው ተባለ። በርስት ቀልድ የለም። ሞጣና ቢቸና ተነሱ፣ ሌላውም ተከተለ። መንግሥት በእግረኛ ጦር አልበቃው ብሎ አውሮፕላን ላከ፤ መንደሮች ከሰማይ ተደበደቡ። በመጨረሻ ገዥው ተነሱ፣ የተጠራቀመ የግብር ዕዳም ተማረ።

ከዚህ ገበሬው ምን ተማረ? መሣሪያ ባይኖረኝ ኖሮ ማንም አይሰማኝም ነበር የሚለውን። ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ ተሳስቷል ብዬ ልሞግተው አልቻልኩም። አቤቱታ ሲያቀርብ አልተሰማም። ሲተኩስ ተሰማ።

በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝ በፈቃድ እንዲሆን ይደነግጋል፣ ቁጥጥሩንም ለፌዴራል ፖሊስ ይሰጣል። እውነቱን ለመናገር እኔ ፈቃድና ምዝገባን እደግፋለሁ። ክላሽ እንደ ዱላ ተይዞ ገበያ የሚወጣበት አገር ውስጥ ልጅ ማሳደግ አልፈልግም። ግን አዋጅ ወረቀት ነው። ከ1937 ጀምሮ የተጠራቀመ ጥርጣሬን በወረቀት ማንሳት አይቻልም።

አጎቴ ማቻክል ገበሬ ነው። ከአባቱ የወረሰው ምንሽር አለው። ከአልጋው ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ይሰቀላል። የሰደፉ እንጨት ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ ታስሯል፤ ቆዳው ደርቆ እንደ ብረት ጠንክሯል። አፈሙዙ አቧራ እንዳይገባበት በጨርቅ ተወትፏል። ጥይቱ ጥቂት ነው፣ ያም ያረጀ ነው። ቢተኩስ መፈንዳቱንም እጠራጠራለሁ። ለምን አታስመዘግበውም ስለው «ልጄ፣ አስመዘገብኩ ማለት የት እንዳለ ነገርኳቸው ማለት ነው» አለኝ። አጎቴ ነገረኛ ሰው አይደለም። ግብሩን በጊዜው ይከፍላል፣ ማዳበሪያውን ተሰልፎ ይወስዳል፣ ለመንግሥት ስብሰባ ሲጠራ ይሄዳል። በአንዲት ነገር ብቻ አያምነውም። ያቺ አንዲት ነገር ደግሞ ሁሉን ነገር ታበላሻለች።

እስካሁን መንግሥትን ስወቅስ ቆየሁ። አሁን ራሳችንን ልናገር፣ ይኼኛው ይከብደኛል። እኛ ጎጃሞች ሰውን የምናከብርበት መንገድ በጠመንጃ የተሞላ ነው። የድሮ ጌታ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጠመንጃውና ጋሻው ወጥቶ ነበር የሚለቀሰው። ወጉ ክብር ነበረው። ዛሬ የቀረን ተኩሱ ነው። ቀብር ላይ አንዱ ክላሹን ወደ ሰማይ ያንጣጣል፣ ሌላው እልህ ይይዘውና ካዝናውን ይጨርሳል። ሕፃናት ገና ያልቀዘቀዘ ቀለህ ከአፈር ውስጥ ይለቅማሉ፣ ብዙ የለቀመ ይኩራራል። የማን ቀብር ላይ ብዙ እንደተተኮሰም ለሳምንት ይወራል። የ8 ዓመት ልጅ ከዚያ ቀብር ምን ይዞ ይመለሳል? ሟቹ ጥሩ አራሽ መሆኑን፣ ስንት ሰው ማስታረቁን ማንም አልነገረው። ስንት ጥይት እንደተተኮሰለት ግን ቆጥሯል።

ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ደግሞ ይወርዳል። የሚወርድበትን አይመርጥም።

ሽማግሌዎቻችን ደም አድርቀው፣ ካሳ አስከፍለው፣ ባላንጣን ከባላንጣ አስታርቀው ሲሞቱ የሚቀበሩት በዝምታ ነው። ደም የመለሰው ግን ይፎከርለታል። ይህን እያየ ያደገ ወጣት ጠመንጃ ቢመኝ ምን ይገርማል? ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ባለው ጦርነት የስንቱን ልጅ ፎቶ «ጀግና» ተብሎ አየን። በሕይወት ሳለ ሥራ የሰጠው አልነበረም፤ በቁሙ ጀግና ያለውም አልነበረም። ይህን ስጽፍ ልቤ ይደማል።

«አሜሪካኖችስ ጠመንጃ በሕገ መንግሥታቸው ተፈቅዶላቸው የለም ወይ?» የሚል መልስ ሁሌ ይመጣል። ተፈቅዶላቸዋል፣ ከ1791 ጀምሮ (በነሱ አቆጣጠር)። ግን ታሪኩን እስከ ጫፉ እንስማው። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉት ጣሊያን ሠራሽ በሆነ ካርካኖ ነው። እኛን ሊወር የመጣው ጦር ይዞት የመጣውና አርበኞቻችን የማረኩት ያው ዓይነት ጠመንጃ ነው። ገዳዩ የገዛውም በፖስታ አዝዞ ነበር። ቀብራቸው ላይ ከቆሙት የዓለም መሪዎች አንዱ የኛው ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። አሜሪካ በወር ገደማ ትልቁን የኒው ዮርክ አውሮፕላን ማረፊያ በኬኔዲ ስም ሰየመች። በዚያ ግን አልቆመችም። በጥይት እንዴት እንደተገደሉ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ሪፖርቱ ለሕዝብ ወጣ። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በወራት ልዩነት ሲገደሉ ደግሞ ጠመንጃን በፖስታ መሸጥ በሕግ ተከለከለ። ያ ዓመት (በኛ 1960) ሞጣና ቢቸና የተነሱበት ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል።

ሕጉ በቂ ነበር አልልም። ዛሬም በየዓመቱ ከ40 ሺህ በላይ አሜሪካውያን በጥይት ይሞታሉ። ብዙዎቹ ራሳቸውን የሚያጠፉ ናቸው። ከነሱ የምፈልገው ጠመንጃቸውን አይደለም። መሪያቸውን በስም ሲያከብሩ አሟሟቱንም መርምረው ለሕዝብ መንገራቸውን ነው። እኛ ማረፊያውን ሰየምን፣ ምርመራውን ተውነው።

ቅርባችን ያለውንም ቁስል ልንካው። ሰኔ 15 ቀን 2011 የአማራ ክልል ፕሬዚዳንት ዶክተር አምባቸው መኮንን ባሕር ዳር ላይ ስብሰባ እንደተቀመጡ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ተገደሉ። በዚያው ምሽት አዲስ አበባ ውስጥ ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና ጄኔራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ። ዛሬም ከሟቾቹ ማን ጀግና ነው፣ ማን ከሃዲ ነው እያልን እንጣላለን። ሁሉም የሰው ልጆች ነበሩ፣ ሁሉም እናት ነበራቸው። ያንን ቀን አብረን ማዘን አለመቻላችን ከበላይ ዝምታ የወረስነው ነው።

ሌላም የምናከብርበት መንገድ ግን አለን፣ እዚያው ቤታችን ውስጥ። ደብረ ማርቆስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሐውልት አለ። ንጉሡ በ1874 እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ተሸንፈዋል፣ ተማርከዋልም። በ1888 ግን ጦራቸውን ይዘው አድዋ ላይ ከምኒልክ ጎን ቆሙ። ማርኮ ያልገደለና ተማርኮ ቂም ያልያዘ ሰው አብረው ጣሊያንን ድል አደረጉ። ለኔ የዚያ ሐውልት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ልጆቻችን በሐውልቱ ሥር ሲያልፉ አድዋን ይሰማሉ። እምባቦንም ሊሰሙ ይገባል፤ ያለሱ አድዋ ሙሉ አይሆንም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም የደብረ ማርቆስ አካባቢ ሰው ናቸው። ጠመንጃ ይዘው ዘመቱ፣ ጣሊያን አገር ታሰሩ፣ ተመልሰው ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆኑ፣ ብዕር አነሱ። ጎጃም ስማቸውን የሚጠራው በፍቅር ነው። ያ ፍቅር ጥይት አላስፈለገውም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። የበላይ ዘለቀና የጓደኞቹ የፍርድ መዝገብ ካለበት ይውጣ፣ ታሪክ አዋቂዎች ይመርምሩት፣ መንግሥትም ፍርዱ ላይ አቋሙን በይፋ ይናገር። ማረፊያው ግድግዳ ላይ የተዋጋባቸው ዓመታት ከተጻፉ ጥር 1937ም ይጻፍ። የመሣሪያ ምዝገባው ጠመንጃው ከባለቤቱ ቤት ሳይወጣ፣ የቀበሌው ሽማግሌና የደብሩ ቄስ ምስክር ሆነው ይሁን። ያስመዘገበ ሰው መሣሪያው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደማይወሰድበት በእጁ ወረቀት ይሰጠው። እኛም ቀብር ላይ መተኮስ እናቁም። ይህን ለማድረግ አዋጅ አያስፈልገንም፤ አንድ እድር ቢወስን ጎረቤቱ ይከተለዋል።

ምዝገባው ሰላም ይፈልጋል፣ አሁን በጦርነት መሀል እንደማይሆን አውቃለሁ። መዝገቡን ማውጣት ግን ጦርነቱ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም። ዘንድሮ ሊጀመር ይችላል።