ይድረስ ለክቡር አቶ «ሌሎች»፣ የወሩ የኮምፒውተር አጠቃቀም ሪፖርት የመጨረሻ ረድፍ

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ከረሙ? እኛ ደህና ነን። ሂሳብ ክፍል ትንሽ አኩርፏል። እርስዎ ግን ከወር ወር እየፋፉ ነው፤ ዓይን አያግባብዎት።

ልኬቱን የጀመርነው ለፍትሕ ነበር። እያንዳንዱ ክፍል ፕሮሰሰሩን ስንት ሰከንድ እንደተጠቀመ፣ ስንት ጊጋባይት እንደያዘ ይቆጠርና የተጠቀመ ይክፈል ተባለ። ቆጠርን። ሽያጭ ድርሻው ወጣ። ግዢም ወጣ። ከታች ደግሞ እርስዎ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀው ፍጆታ ሁሉ፣ ከሁሉም ገዝፈው፣ ፈታ ብለው ተቀምጠዋል።

አደባበቅዎን ግን አደንቃለሁ። ዳታቤዙን የማይጠቀም ክፍል የለም። ሁሉም የሚሠራበት ፕሮግራም ወደ ዳታቤዙ የሚገባው ግን በአንድ የጋራ አካውንት ነው። ከጀርባ ያዘዘው ሽያጭ ይሁን ግዢ፣ ዳታቤዙ ምን ቸገረው?

ሰርቨሮቹን በሚያስተዳድረው ሥርዓት፣ በዩኒክስ፣ የሂሳብ መዝገብ ልንይዝዎትም ሞክረን ነበር። ያ መዝገብ አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) የፈጀውን የሚጽፈው ፕሮሰሱ ሲያልቅ ነው። እርስዎስ ምን አደረጉ? የማያልቅ ፕሮሰስ ሆኑ! ሁለት ሰከንድ ሮጦ የሞተ ስክሪፕት ከነስሙ ተመዝግቧል። ወሩን ሙሉ ሲሠራ የከረመው ሰርቪስ ግን የለም።

«ለሦስት ቀን ሙከራ» የተከፈተውንስ ሰርቨር ያስታውሱታል? ወሩን 720 ሰዓት ሳያሸልብ በራ። ታጉን (የማን እንደሆነ የሚጻፍበትን መለያ) ከፍቼ አየሁት። ክፍል፦ «ቴስት»። ባለቤት፦ «እኔ»። እኔ ማን? ስጠይቅ ሁሉም «ካወቅኩት ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ። እሺ ይጥፋ ስል ደግሞ ሁሉም በአንድ ድምፅ፦ «ኧረ ተው፣ የሆነ ነገር ቢበላሽስ!»

በመጨረሻ እርስዎን በሠራተኛ ብዛት ለየክፍሉ አካፈልንዎ። (ይህን ለማድረግ ልኬት ምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ እባክዎ ድምፁን ዝቅ ያድርግ።) ትልቁ ድርሻ የደረሰው ብዙ ሰው ላለው ለጥበቃ ክፍል ነው። ኃላፊው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እኛ ያለን አንድ ኮምፒውተር ነው። እሱም ከተበላሸ ወር አልፎታል» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ተበላሽቶም ድርሻ አለው አልኳቸው።

ከማይለካ አክብሮት ጋር፣
ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው

ማሳሰቢያ፦ ይህን ሁሉ የሚለካው አዲሱ ፕሮግራም ራሱም ፕሮሰሰር ይፈጃል። በማን ስም ይያዝ ተብሎ ስብሰባ ተጠራ። ከብዙ ክርክር በኋላ በእርስዎ ስም ተይዟል።