ሁለት ደቂቃ ማዳመጥ አቃተን?

ትናንት ማታ እራት እንኳ ሳልበላ ከሥራ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ሮጥኩ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። አጀንዳው የአውቶቡስ ሰዓት ነበር፤ ሰው ግን የመጣው ለጠብ ነው።

ለአንድ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ ይሰጣል። የአንዲት እናታችን ተራ ደረሰ። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ወረቀቷ እጇ ላይ ይንቀጠቀጣል። ልጇ በጨለማ ቆሞ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ልትነግራቸው ነው። ገና ስሟን ተናግራ ሳትጨርስ ከኋላዬ አንዱ «ቀጥሎ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ሳቀ። ጊዜ ማለቁን የሚያሳየው ቀይ መብራት እስኪበራ እንኳ አልቆየችም፤ ወረቀቷን አጣጥፋ ተቀመጠች። ሰብሳቢው? መዶሻውን ኳ ኳ አድርጎ አለፈ።

እዚሁ ግዛት፣ ላውደን ካውንቲ፣ በጁን 2021 የትምህርት ቦርዱ ስብሰባ በጩኸት ተቋርጦ ሰው እስከ መታሰር ደርሷል። ያኔ «የማስክ ጊዜ ግርግር ነው፣ ያልፋል» ብዬ ነበር። የዋህ!

ከሁሉ ያበገነኝ ግን ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ ያደገው የኛው ሰው አብሮ ሲጮህ ማየቴ ነው። የአውቶቡሱ ጉዳይማ ለሚቀጥለው ወር ተላልፏል።